ፀሐይ ላይ የተሰጣው ቆጮ

የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሰጠኝ። «እህቴ፣ ተሳፋሪው ሲሰድበኝ ነው የመጣው» አለ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ፣ የአራስ ልጅ ያህል የሚከብድ ነገር ነው። ከቡታጅራ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ዞሮ ወልቂጤ እስኪደርስ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ሰንብቷል። ሽታው ግን አልደከመም። ኮምጣጣ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ከዝናብ በኋላ የተቆፈረ አፈር ይመስላል። ቤት አስገብቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ቃጫውን ሳልፈታ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ይህን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩ ጊዜ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

አገሬ ወሎ ነው። አባቴ ቆላ ላይ ማሽላ ያርሳል። እኔ ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማርኩ። ባሌን ያገኘሁት እዚያው ደሴ ነው። ድሬሰር ነበር። እጄን የፈላ ውሃ አቃጥሎኝ ክሊኒክ ስሄድ ያሸገልኝ እሱ ነው። በአንድ ሳምንት የሚድነውን ቁስል አንድ ወር አመላለሰኝ። እኔም አውቄ ተመላለስኩ፤ ምን እዋሻለሁ።

ወደ አገሩ ወደ ቡታጅራ ሲዛወር አግብቼው አብሬው ልሄድ መሆኔን ስነግረው አባቴ አልተቆጣም። «ሥር የሚበላበት አገር ነው አሉ» አለ። ቀጥሎም፣ «ሲርብሽ ትመጫለሽ» አለኝ። ሌላ ሴት ምርቃት ይዛ ትወጣለች፣ እኔ ይህችን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይርበኛል? ቢርበኝስ ለማን እናገራለሁ?

የአማቴ ቤት ቡታጅራ ዳር፣ ወደ መስቃን ገጠር በሚወስደው የጋሪ መንገድ ላይ ነበር። ከፊት ለፊቱ የሣር ሜዳ አለ፣ ከጀርባው እንሰት። ቅጠሉ ረጅምና ሰፊ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ሁሉ አረንጓዴ ነው። ነፋስ ሲነሣ ቅጠሎቹ እንደ ታጠበ አንሶላ ይማታሉ። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ አማርኛቸው አጭር። ቃል የሚያባክኑ ሴት አልነበሩም።

በገባሁ ዕለት የቀረበልኝ ክትፎ ነው፤ ቅቤ ጠጥቶ፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር፣ በቅጠል ላይ። ክትፎው ላይ ምንም ቅሬታ አልነበረኝም። ቆጮው ነው ያስቸገረኝ። አላመጥኩ፣ አላመጥኩ፣ አላልቅ አለኝ። አማቴ አፌን አፌን ያያሉ። ዋጥኩት።

«ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

«ጣፈጠኝ።»

«ውሸታም» አሉና ሌላ ቆረሱልኝ።

ባሌ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ።

እንዲህ እየዋሸሁና እየዋጥኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሥራ አልነበረኝም። ማክሰኞ ገበያ እወጣለሁ፣ የበርበሬው ሽታ ያስነጥሰኛል፣ እመለሳለሁ። አማቴ እንሰቱ ዘንድ አያስጠጉኝም። «ኋላ» ይሉኛል። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። የዚያ ቤት እንግዳ እንጂ ሴት አለመሆኔ ያንገበግበኝ ነበር። ይወዱኝ እንደሆነ እንኳ ማወቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ባሌ ከክትባት ቡድን ጋር ለሁለት ሳምንት ገጠር ወጣ። እሱ በወጣ በሦስተኛው ቀን የአማቴ ወንድም ሰባት ቤት ጉራጌ አገር ማረፉ ተሰማና እሳቸውም ለልቅሶ ሄዱ። ጓሮው ውስጥ ቆጮ ተቀብሮ የሚብላላባቸው ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ። ሲወጡ፣ «ከትንሹ ጉድጓድ እያወጣሽ ብዪ። መልሰሽ ክደኚው» አሉኝ። ስለ ትልቁ ጉድጓድ ምንም አላሉም። እዚያ አገር ተወልዳ ላደገች ሴት ምንም ማለት አያስፈልግም።

በማግስቱ ትልቁን ከፈትኩት። ለምን አትበዪኝ፤ ብቻዬን ነበርኩ፣ የማየው ነገር አጥቼ ነበር። ድንጋዮቹን አነሣሁ፣ የጠወለጉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገለጥኩ። ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ቆጮው ውሃ አቅርሯል፣ ጠርዙ ግራጫ ሆኗል። በሰበሰ አልኩ።

አባቴ ቤት ማሽላ የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ርጥበት ገብቶ ሲሸት እህሉ ወዲያው ይወጣል፣ ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይተርፋል። የደረሰበት ሰው ቤቱን አዳነ ይባላል። አንድ ዓመት እናቴ በዚህ ዓይነት አድናናለች። እኔም ደረስኩ አልኩ። አማቴ ልቅሶ ላይ ሆነው ቤታቸው ምግብ ሲበላሽ ዝም ብዬ ላይ ነው?

ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አወጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ሰሌኑ ሁሉ ሞላና አልበቃ ሲል ለሠርጌ የተሰጠኝን አንሶላ ሣሩ ላይ ዘረጋሁ። በቀጭን በቀጭኑ አሰጣሁት፣ በየሰዓቱ አገላበጥኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። አማቴ ሲመጡ የሚሉትን ሁሉ በልቤ እያልኩላቸው ነው የሠራሁት።

ጎረቤታችን በርበሬ ነጋዴ ናት። ያን ሰሞን ራቅ ያለ ገበያ ወርዳ ቆጮውን ባሰጣሁ በአራተኛው ቀን ተመለሰች። እንደ ልማዷ በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ወሎዬዋ።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

ሣሩን አየችው። «ይሄ ምንድነው?»

«ቆጮ ነው። ሊበላሽ ሲል ደረስኩበት።»

«ከየትኛው ነው ያወጣሽው?»

«ከትልቁ።»

አጥሩን ዞራ መጣችና ተቀምጣ አንዱን ገለበጠች። ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ትል። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አይቼው ነበር፣ እንዳላየሁ ሆኜ ነው።

«ማሽላ መሰለሽ እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀልድ የለበትም። «ይሄ የሟቹ ባሏ እንሰት ነው። በእጁ የተከለው ይኸው ነበር የቀረው። ባለፈው ዓመት ፍቀን ያስገባነው። ለመስቀል፣ ለልጄ ሚስት ብላ ነው ያስቀመጠችው።»

የልጃቸው ሚስት እኔ ነኝ።

ሁለታችን እስኪጨልም ደህናውን ከተበላሸው ለየን። የተረፈው አንድ ቅርጫት አልሞላም።

አማቴ በማግስቱ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፊታቸው አብጧል። ጎረቤታችን ቀድማ ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት በእጃቸው ዝም አሰኟት። ቁጢጥ ብለው ከደረቀው አንዱን አነሡ፣ ሰበሩት፣ አሸተቱት።

«ማነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ነገርኳቸው። የአባቴን ጉድጓድ፣ ማሽላውን፣ ሰሌኑን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና የተሰበረውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩት።

«ማሽላ ፀሐይ ይወዳል» አሉ። «ይሄ የሚወደው ጨለማ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ለወንድማቸው ይሁን ለባላቸው እንጃ፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በነጋታው ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ባሌ ገና ገጠር ነው፤ ወረቀት ጽፌ ትራሱ ሥር አኖርኩለት። አባቴ ሲርብሽ ትመጫለሽ ብሎኝ ነበር። የምመለሰው ግን ርቦኝ አልነበረም፣ ሰው አስርቤ ነው። ያን ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው እያሰብኩ ደጅ ቆሜ ጋሪ እጠብቃለሁ። አማቴ መጥረጊያ ይዘው ወጡ።

«ሄድሽ?»

«አዎ።»

ጠረጉ። «ጉድጓዱን ማን ይሞላዋል?» አሉኝ።

ሻንጣዬን መሬት አኖርኩት።

«እኔ ጉልበት የለኝም። ሙዪውና ሂጂ። አልይዝሽም።»

ጋሪው መጣ። ባለጋሪው፣ «አውቶቡስ ተራ?» አለኝ። አማቴ ቀና ብለው እንኳ አላዩም፣ ይጠርጋሉ። «ዛሬ አልሄድም» አልኩት። ተነጫንጮ ሄደ።

አማቴ ከቀሩት እንሰቶች መካከል ስድስት መረጡ። ሁለቱ ገና ነበሩ፣ አንድ ሁለት ዓመት መቆየት የሚገባቸው። ሲቆረጡ አማቴ ሌላ ቦታ ያዩ ነበር። ጎረቤታችን መጣች፣ ሌሎች ሦስት ሴቶችም መጡ። መፋቅ እንዲህ ነው፤ ጣውላው ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ አንቺ መሬት ትቀመጫለሽ፣ አንድ እግርሽን ወደ ላይ አንሥተሽ ልጣጩን በተረከዝሽ ጣውላው ላይ ታጣብቂያለሽ፣ በሁለት እጅሽ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቂያለሽ። ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ቀሚስ ቦታው ላይ አይቆይም። ስለዚህ ነው ወንድ ወደዚያ የማይጠጋው።

ባሌ ይህን እያወቀ፣ ከገጠር በገባ ዕለት ትራሱ ሥር ያለውን ወረቀት አንብቦ ሻንጣዬን ደጅ አየና እየሮጠ ወደ ጓሮ መጣ። የእንሰቱ ዳር ሲደርስ ሴቶቹ ተንጫጩበት።

«ሚስቴ አለች?» ይላል ቅጠሉ ጀርባ ቆሞ።

«አለች። እግሯን ሰቅላለች» አለችው ጎረቤታችን። «ዶክተር፣ መርፌህን ያዝና ተመለስ።»

«ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?»

«ጉድጓዱን ልሙላ፣ አትጨቅጭቀኝ» አልኩት እኔ።

ሴቶቹ ሳቁ። አማቴ አልሳቁም፣ ግን መፋቂያዬን ከእጄ ወስደው አያያዙን አስተካክለው መለሱልኝ።

አሥር ቀን ፈጀብን። እጄ ጠቆረ፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ለወራት አልለቀቀም። የመጨረሻው ቀን አማቴ ጉድጓዱን አዲስ ቅጠል አለበሱት፣ ቆጮውን ከነእርሾው አስገባን። ከዚያ፣ «እግርሽን ታጠቢ» አሉኝ። ታጥቤ ገባሁ። እሳቸውም ገቡ። ትከሻዬን ይዘው፣ እኔም ወገባቸውን ይዤ፣ አየር እንዳይቀርበት ረገጥነው። ከሥሬ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ከድነን ድንጋይ ጫንንበት።

«በይ አሁን ሂጂ» አሉኝ እጃቸውን እየጠረጉ።

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ለመስቀል።»

ሻንጣውን አልጋ ሥር መለስኩት። ለራሴ የነገርኩት እስክቀምሰው ልቆይ ብዬ ነው።

ለመስቀል ሲከፈት ያው ሽታ ፊቴን መታኝ። ያን ጊዜ ግን አልሸሸሁም። አማቴ ጋግረው መጀመሪያ ለእኔ ቆረሱ።

«ጣፈጠሽ?»

«ትንሽ ይኮመጥጣል» አልኳቸው።

ሳቁ። ጥርሳቸውን ያን ቀን አየሁት። «አሁን እውነት ተናገርሽ» አሉ። ግማሹን መልሰን ከደንነው፤ ሲቆይ ነው የሚበልጠው። ለአባቴም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አልራበኝም ብዬ። መልስ አልላከልኝም።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ባሌ ወደ ወልቂጤ ተዛወረ፣ እኔ ጽሕፈት ቤት ታይፕ እመታለሁ። አማቴ በዚህ ክረምት አረፉ። እኛ ስንደርስ ተቀብረው ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት።

ቃጫውን ፈታሁ። ቅጠሉ መካከል ጎረቤታችን ያስጻፈችው ወረቀት አለ፦ «ወሎዬዋ፣ ትልቁን ጉድጓድ ጠርጌ አወጣሁት። የቀረው ይሄ ነው። የሷም እግር ያንቺም እግር አለበት። ፀሐይ እንዳታሳዪው።»

ባሌ ከሥራ ሲገባ ሽታውን በሩ ላይ አወቀው። ኮፍያውን አወለቀና ተቀመጠ። የሁለታችንን ያህል ብቻ ቆርሼ ጋገርኩ። በላን። ቀስ ብሎ ነው ያላመጠው፤ እኔም እንደዚያው።

የተረፈውን በቅጠሉ መልሼ ጠቀለልኩት። የከሰዓቱ ፀሐይ ጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ ነበር። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት።