ዘጠነኛው ቃል

«እማዬ፣ አባዬ ስሜን አያውቀውም እንዴ?» አለችኝ ትንሿ ልጄ የሺ። አባቷ ወደ ሰሜን ሲዘምት እሷ ገና በሆዴ ነበረች፤ ስሟን የጻፍኩበት ደብዳቤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።

ያን ቀን በመካነ ሰላም መገናኛ ሬዲዮ የባለቤቴ መልእክት መጥቶልን ነበር። ኦፕሬተሩ ሰይድ ከሬዲዮው ጩኸት መሀል ለቅሞ የጻፈውን አነበበልን፦ «ደህና ነኝ። እናንተ እንዴት ናችሁ? ታደሰን፣ ዘነበችን ሳሚልኝ።» የታላላቆቿ ስም ብቻ ሲጠራ የሰማችው የሺ ቀሚሴን ይዛ የጠየቀችኝ ይሄኔ ነው።

«ቆይ አንቺ፣ አታኩርፊ» አላት ሰይድ። «ላኪው መጨረሻ ላይ የቃሉን ብዛት ይናገራል። ዘጠኝ ብሏል፤ የደረሰኝ ስምንት ነው። ከዘነበች ቀጥሎ የነበረችውን ጩኸቱ በላት።»

«እንግዲያው ስሟን ጻፍልኛ!» አልኩት።

«ያልሰማሁትንማ አልጽፍም፣ እትዬ። ነገ ጠዋት ይምጡ፤ ኢንሻ አላህ አስደግምልዎታለሁ።» ቦታውን ባዶ ትቶ ወረቀቱን ሰጠኝ።

የሺ እየፈነጠዘች ቤት ገባች። እኔን ግን ቃሉ ሌላ ቢሆንስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሰይድ አልሄድኩም። አማትቤ እርሳስ አነሳሁና በባዶው ቦታ ላይ «የሺን» ብዬ ጻፍኩበት።