በአራት በአራት የተከፈለው መዝገብ

የእድራችንን መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሜ ስም እጠራለሁ። ያልተገኘ ሰው ከስሙ ጎን ጭረት ይደረግበታል። ጭረቱ ሦስት ሲሞላ የእድሩ ዳኛ፣ ሁላችን አንቱ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በጉባኤ ፊት ያስነሡታል። ያንን እፍረት የሚወድ የለምና ሰው በዝናብም ይመጣል፣ ታሞም ይመጣል።

ባለቤቴ ይህን አይወድም ነበር። ሥራው ማኅበራትን ማማከር ነው፤ ዛሬ አንበሳሜ፣ ነገ ይፋግ፤ የመስኖ ማኅበር፣ የዘር ብዜት ማኅበር። ቢሮው ለሥራው ረጅም ስም ሰጥቶታል። እሱ ግን ሲጠየቅ «ቢቀርስ? ማለት ነው ሥራዬ» ይል ነበር። ዝናቡ ቢቀርስ? መንገዱ ቢዘጋስ? ሊቀ መንበሩ ቢታመምስ? ገበሬ መሬቱን አይቶ የሞፈሩን ምራን ያላላል ያጠብቃል፤ ማኅበሩን ሲይዝ ግን አንዴ እንዳሰረው ይተወዋል እያለ ያዝናል።

አንድ እሑድ መዝገቡን ሳሰምር አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰው መሰብሰብ ባይችልስ?»

«ለቀብር?»

«ለቀብር።»

«እንዲያ ያለ ቀን ከመጣማ ዓለም አለቀ ማለት ነው።»

«ካላለቀስ?»

ሳቅሁበት።

ኮሮና ሲመጣ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ዓለም ግን አላለቀም። በዚያ ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። ዳኛው ከቤተ ዘመድ በቀር ማንም እንዳይመጣ በጥሩንባ ነፊው አስነገሩ። ስለ ስም ጥሪው ያነሣ አልነበረም። እኔም እንደ ልማዴ መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ ተከትሎኝ መጣ። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ለመስማት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋጉ። አንድ አዛውንት ስማቸውን ስጠራ ሳል አቋረጣቸውና እጃቸውን ብቻ አነሡ። «አሉ» ብዬ ጻፍሁ።

«አንቺ ነሽ የጠራሻቸው» አለኝ ባለቤቴ እቤት ስገባ።

«ጥሩንባው ነው እንጂ።»

«ጥሩንባውማ ቅሩ ብሏል። ኑ ያለው መዝገቡ ነው።»

በሳምንቱ ሜዳ ላይ ተራርቀን ቆመን ስንመክር ባለቤቴ ለእድሩ አሳቡን አቀረበ። ስሞቹ በአራት በአራት ይከፈሉ፤ በየቀኑ አራት ሰው ሐዘንተኛው ግቢ ገብቶ ይቀመጥ፤ ስሞቹ እስኪያልቁ እንዲህ ይቀጥል።

«ኧረ ጋሼ!» አለ ጥሩንባ ነፊው፤ «ለቅሶ እንደ ወፍጮ ቤት በወረፋ?»

ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ። «ወረፋ ከሌለው ወፍጮ ቤት ዱቄት ይዘህ ወጥተህ ታውቃለህ?»

ዳኛው «እስቲ ጸሐፊዋ ትናገር» አሉ።

«ሟች በአራት ሰው አይሸኝም» አልሁ። «ደንቡ ባለበት ይቆይ።»

ቆየ። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ስለ ድንቻችን ብቻ አወራኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ እሱ ሞተ። በበሽታው አይደለም፤ ልቡ ነው። ዣንጥላውን እንደያዘ የግቢያችን በር ላይ ወደቀ። ከሐዘኑ ጋር አንድ ፍርሃት ያዘኝ፤ የሰውን ሁሉ ቀብር ስቆጥር ኖሬ የእኔ ሰው እንደ መንገደኛ ሊቀበር ነው። ዳኛው መጥተው ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ ደንቡን ምን እናድርገው? ጥሪ ካልሽ ሰዉ ይመጣል።»

እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሩልኝ ልል አፌን ከፈትሁ። የእኒያ አዛውንት የተነሣ እጅ ታየኝ።

«እሱ ያለውን አድርጉለት» አልሁና መዝገቡን ሰጠኋቸው።

በቀብሩ የተገኘነው ጥቂት ነበርን። ልቤ አልተጎዳም ብል እዋሻለሁ። ፍትሐቱ ሲያልቅ እጄ መዝገቡን ሲፈልግ ተሰማኝ።

በሠልስቱ፣ በድሮው ልማድ ድንኳን ተነቅሎ ሰው ሁሉ በሚበተንበት ቀን፣ አራት ሰዎች እዝን ይዘው መጡ። በማግስቱም ሌሎች አራት። ድንኳን ውስጥ ቢሆን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ማለፍ ነው፤ አራት ሆኖ የተቀመጠ ሰው ግን ማውራቱ አይቀርም። ከመዝገብ ላይ ስሙን እንጂ ድምፁን የማላውቀው አንድ ሰው፣ ባለቤቴ ይፋግ አጠገብ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንዝ ሲሻገር አንዱ ጫማ እንደተወሰደበትና በሌላው ስብሰባ እንደመራ ነገረኝ። ለእኔ ጫማው አለቀ ብሎኝ ነበር።

ከመጨረሻዎቹ ጋር ጥሩንባ ነፊው መጣ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደተቀመጥሁ አየኝና «ወረፋዬ ደረሰ» አለ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ገና ያን ቀን ሳቅሁ። እሱ ግን አለቀሰ።

ክልከላው ሲነሣ ጉባኤው የድሮው ይመለስ አለ። ዳኛው እንደገና እኔን አስነሡኝ።

«ድንኳኑ ይመለስ» አልሁ። «ከሠልስት በኋላ ግን አራት አራቱ ይቀጥል። ጭረቱ ይቅር።»

«ጭረት ከሌለ ማን ይመጣል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሷ ቤት ማን ጭረት ፈርቶ መጣ?» አለ ጥሩንባ ነፊው፤ አፉ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። ሲከራከሩ ቆዩና ተስማሙ።

አዲሱን ደንብ ቀስ ብዬ ጻፍሁት። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ተውሁ። ዳኛው ለመፈረም ሲቀርቡ ባዶውን በጣታቸው ነኩት።

«ይኼስ ለምንድን ነው?»

«ቢቀርስ? ለሚል ሰው ነው» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ገጹን ጥቂት አዩት፤ ከባዶው በላይ ፈርመው መዝገቡን መለሱልኝ።