የጥንቸሏ ክብር

ዛሬ ከጎረቤት ግቢ የታጨደ ሣር ሽታ ሲመጣ፣ ልጅ ሳለሁ የነበረችን ነጭ ጥንቸል ትዝ አለችኝ።

አክስቴ ናት ተበላ ከምትባለው ከተማ ያመጣችልን። እናቴ ሣር እንዳንሰጣት ከለከለችን። «ከሰው ቤት የመጣች እንግዳ ናት። እንግዳ ሣር ይበላል እንዴ?» አለች። ስኳር ድንች ቀቅላ፣ ጨፍልቃ፣ ቅቤ ጠብ አድርጋ ታቀርብላት ነበር።

እያደር ጥንቸሏ ምግቧን እያሸተተች ትተወው ጀመር። የእንስሳት ሐኪም ጠርተን አፏን ከፍቶ ሲያይ፣ የመንጋጋ ጥርሶቿ ረዝመው ምላሷን አቁስለዋል። «የጥንቸል ጥርስ ማደጉን አያቆምም። የሚሞርደው ሣር ነው» አለን።

በማግስቱ ሞተች። አባቴ ከእንሰቱ ሥር ቀበራትና አፈሩን በእጁ እየደለደለ፣ «በክብር ገደልናት» አለ። ክብር እንዴት እንደሚገድል ያኔ አልገባኝም።

አሁን አባቴ አርጅቷል። «አባባ፣ አንተ አረፍ በል» እያልን መኮትኮቻውንም ማጭዱንም ከደበቅንበት ቆየን። በረንዳ ላይ አስቀምጠን ቅቤ የጠገበ ገንፎ እናቀርብለታለን። ዛሬ ገንፎውን ሳይነካው፣ የግቢያችንን ሣር አሻግሮ ያያል።

ሳህኑን አነሳሁና ማጭዱን አምጥቼ ሰጠሁት።