የሺሐረግ ጅቡቲ የሄደች ጊዜ

የዚያን ዓመት ክረምት አቃቂ ላይ ያሳለፈ ሰው አይረሳውም። መረሬው ጭቃ ጫማ እያወለቀ ያስቀር ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን ሊወስደው ምን ቀረው ይባል ነበር፤ የባቡሩ ፉጨት እንኳ በዝናቡ ታፍኖ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል ነበር። የታጠበ አይደርቅም። ትራሱም፣ ዳቦውም፣ የሰው ሆድም እርጥብ እርጥብ ይል ነበር። የሺሐረግ ያን ጊዜ የሚሲዮኑ ክሊኒክ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባሏ አምባው ደግሞ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ። የሲስተር ራግና ሕፃን ልጅ፣ ማሪት፣ በሳንባ ምች የሞተችው በዚያ ክረምት ነው።

ሲስተር ራግና ከኖርዌይ የመጣች ነርስ ነበረች። ባሏን ሰው ሁሉ እንደ ማንኛውም ፈረንጅ ወንድ ሙሴ ይለው ነበር። ልጃቸውን ቀበሩ፣ መዝሙር ዘመሩ፣ በማግስቱ ሥራቸው ገቡ። ሙሴ ከዚያ ወዲያ የልጁን ስም አንስቶ አያውቅም። ራግና ግን ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ዘንድ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሺሐረግ ሳሙናውን ጣለችው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና እንደ አገሯ ደንብ ደረቷን እየደቃች፣ «ማሪቴ፣ የኔ ነጭ ርግብ፣ ማን አየብኝ» እያለች አለቀሰችላት። ፈረንጅቷም ያን ጊዜ በልቅሶ ገነፈለች። እንዲህ ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ ልብሱ ሳይታጠብ ተከምሮ።

ከዚያ በኋላ እህትማማች ሆኑ ብል አላጋነንኩም። ማሪትን የሚያነሱት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሲዮኑ ባልና ሚስቱን ወደ ጅቡቲ ሲያዛውራቸው፣ ራግና ጣቢያው ላይ የየሺሐረግን እጅ ይዛ አልለቀቀችም።

«ነይ እሺ? ሥራ እንድትሠሪ አይደለም፤ ከእኔ ጋር እንድትቀመጪ። እዚያ ስለ ማሪት የማወራው ሰው የለኝም።»

«ማርያምን እመጣለሁ፣ ሲስተር።»

ለባቡር ሠራተኛ ሚስት ነጻ መሳፈሪያ ይሰጥ ነበርና በጥር ወር ተነሣች። በሶ አዘጋጀች፣ ሽሮ ቋጠረች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ያዘች። አምባው ሊሸኛት መጥቶ አሾፈባት።

«እንግዲህ ፈረንጅ ቤት እግርሽን ዘርግተሽ ትከርሚያለሽ።»

«እኔ? እጄን ምን ላደርገው ነው? እዚህ ትቼልህ ልሂድ?»

«ተይልኝ እስቲ፣ ወጥ ይሠራልኛል!»

ቀልድ ነበር። ነገሩ ግን እንደ ቀልድ አልቀረም።

የጅቡቲ ቤታቸው ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው በኖራ የነጣ ነበር። ጨው ጨው የሚለው ውሃ በበርሜል ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን የታመሙ አርብቶ አደሮች በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ራግና አንድ በአንድ ታጥብላቸዋለች፣ ጠብታ ትጨምርላቸዋለች። እኩለ ቀን ሲሆን ከተማው መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ሠራተኛ የሚባል የላቸውም። የሺሐረግ በገባች ማግስት ሙሴን ሽርጥ አስሮ ድስት ሲያጥብ አገኘችው።

«በስመ አብ! ሙሴ፣ ይተዉት እንጂ!»

«ዛሬ የእኔ ተራ ነው።»

«የወንድ ተራ የት አገር አለ? ይምጣ ወዲህ!» ድስቱን ነጠቀችው። ሙሴ እጁ እንደረጠበ ቆሞ ሳቀ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አላረፈችም። ጠረገች፣ አጠበች፣ ተኮሰች። ሰው ቤት ገብቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዴት ይሆናል? ፈረንጅ ሠራተኛ የለውም ተብሎ በእሷ ፊት ድስት ይጠብ? ራግና ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ወንበር ተሸክማ ጣሪያው ላይ ትወጣና ወደ ባሕሩ አዙራ ታስቀምጣቸዋለች።

«የሺዬ፣ ነይ ተቀመጪ።»

«መጣሁ ሲስተር፣ ይችን ሸሚዝ ልጨርስ።»

ሸሚዙ ሲያልቅ አንሶላ አለ። አንድ ቀን ብቻ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጥታ ከወንበሩ ጫፍ አረፍ አለች። ራግና ባሕሩን እያየች፣ «ማሪት ዛሬ ብትኖር ትምህርት ቤት ትገባ ነበር» አለች።

ለየሺሐረግ የደረቀ ቁስል መነካካት ነውር መሰላት፤ ይህች ሴት እንደገና ብትታመምስ?

«ተዉት ሲስተር፣ አያንሱት። እግዜር ሌላ ይሰጥዎታል።» ብላ ልብስ ላስገባ በሚል ተነሥታ ወረደች። ራግና ከሁለቱ ወንበሮች ጋር ቀረች።

እሑድ ዕለት እንግዳ መጣ፤ ወልደሚካኤል የሚባል፣ ጅቡቲ ጣቢያ የሚሠራ የአገር ሰው። ራግና ለየሺሐረግ ሳህን ዘርግታላት ነበር፤ እሷ ግን የዓሣውን ትሪ ይዛ ከግድግዳው ጥግ ቆመች።

«እመቤት፣ ከአገር ቤት ነዎት? ለሲስተር ምናቸው ነዎት?» አላት እንግዳው።

ራግና ልትመልስ አፏን ከፈተች። የሺሐረግ ቀደመቻት፣ «እኔማ አጣቢያቸው ነኝ፣ ጌታዬ።»

አክብሮት መስሏት ነው። በፈረንጅ ማዕድ ፊት ጓደኛዋ ነኝ ማለት ድፍረት ነዋ። ራግና ግን አማርኛ ታውቃለች፤ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። ባዶውን ሳህን ቀስ ብላ አነሣችና ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። የዚያን ዕለት ማታ ወንበሮቹን ያወጣ የለም፤ በማግስቱም።

ራግና ስትሸኛት ጣቢያው ላይ፣ «ሳታርፊ ሄድሽ» ብቻ አለቻት።

«ኧረ ምን ደከመኝ! ደስ ብሎኛል፣ ሲስተር።»

ባቡሩ ድንበሩን አልፎ በረሃውን ሲያያዘው ነው የሺሐረግ ክው ያለችው። ያን ሁሉ ቀን ከርማ «ማሪት» የሚል ቃል ካፏ አልወጣም። የተጠራችበት ጉዳይ ያ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ሠርታ እሱን ትታ መጣች።

«ልመለስ» አለች አምባውን ቤት እንደገባች።

«አሁን መጥተሽ?»

«አብሬያት ቁጭ ብዬ ልመጣ ነው።»

ሳቀባት። በሚቀጥለው ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሚከተለው ልጁ ታመመ፤ ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ከዚያም የሶማሌ ጦርነት ሐዲዱን ቆረጠው። መስመሩ ተጠግኖ አምባው ሰው ሲያስጠይቅ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል፣ ነርሷ ታማ ወደ አገሯ ገብታለች አሉት። ለራግና ሌላ ልጅም አልተሰጣትም።

ያን ከሰማች በኋላ የሺሐረግ አንድ ልማድ አመጣች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ ሚሲዮኑ መቃብር ጎራ ትልና ከትንሿ መቃብር አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሣር አትነቅል፣ አቧራ አትጠርግ፤ «ማሪቴ» ትላለች፤ እሷን እያዋራች ትቆያለች። ሰዎች ስለ ፈረንጅ ልጅ ምን አስለቀሳት እያሉ ያሟት ነበር። እሷም፣ «ዘግይቼ ነው እንጂ፣ ያኔ ከእናቷ ጋር ልናወራው የነበረውን ነው የማወራላት» ትላለች።

አምባው ሞተ፤ ከጣቢያው ጀርባ የነበረው ቤታቸውም ለመንገድ ፈረሰ። መቃብሩ ዛሬ ለእግሯ ሩቅ ሆኖባታል። እስከሚታወቀው ድረስ የሺሐረግ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት፣ ከእህቷ ልጅ ከአስቴር ጋር ትኖራለች።