የአይሪሹ ሰይፍ ልክ

ቅዳሜ፣ ጧት ሁለት ሰዓት

ከሰፈራችን ከፍሌሚንግደን ፓርክ በባስ ተነሣን። ጉዳያችን ሰይፍ ነው። ሚስተር ኮነር የሚባሉ ጡረተኛ አይሪሽ መምህር ያገራቸውን የጥንት ሰይፍ አስመስሎ የሚሠራላቸው ሰው ሲያፈላልጉ፣ እኔን ከምሠራበት ብየዳ ሾፕ አገኙኝ። ሙዚየም ገብቼ ዋናውን እንድለካም አስፈቀዱልኝ። እንግሊዝኛዬ ከሥራ ቦታ ስለማያልፍ፣ እጮኛዬ ዘሃራ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ መጣች።

ለዘሃራ አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ ብያታለሁ። ውሸቴን ነው። ወሎ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። ባገራችን ቀጥቃጭን ቡዳ ይሉታል፤ ለልጁም ሴት ልጁን የሚድር የለም።

አስቀድሜ የሠራሁትን ሰይፍ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዣለሁ።

"ይሄን ይዘህ ሰብዌይ ስትገባ ፖሊስ ኮል ያደርጉብሃል" ብላ ሳቀችብኝ።

አራት ሰዓት

ሚስተር ኮነር ሙዚየሙ ውስጥ ጠበቁን። ሰይፉ ያለበት መሳቢያ ሲከፈት ክው አልኩ። ሰይፉ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ቢሆን ነው! እኔ ሰይፍ ሁሉ እንዳገራችን መስሎኝ፣ ሳልጠይቅ ወገብ የሚደርስ ሠርቻለሁ።

"ወይ ጉድ! ይሄማ ቢላዋ ነው" አልኩ። ዘሃራ ይህን አልተረጎመችውም።

እጀታው በስብሶ ጠፍቷል። ጎንበስ ብዬ ስለቱን አየሁት። "መሃሉ ለስላሳ ብረት ነው፤ ስለቱ ላይ ጠንካራውን በእሳት ገጥመውበታል" አልኩ። ዘሃራ ስትተረጉምላቸው ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጠጠ። የሆነ ነገር ተናገሩና ዘሃራ ወደኔ ዞረች።

"ማን አስተማረህ ይሉሃል። በሳቸው አገር ጥንት ብረት ሠሪ ትልቅ ክብር ነበረው አሉ።"

ብየዳ ሾፕ ተማርኩ ብል ያልፍ ነበር፤ ግን ውሸቴን በሷ አፍ ማስነገር አቃተኝ።

"አባቴ በያቸው። ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፍ ስነፋላቸው ነው ያደግኩት።"

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ተረጎመችው። ሚስተር ኮነር እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ እኔ ግን ዓይኔ እሷ ላይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት

እንደ አዲስ ልሠራላቸው ለክተን ስንጨርስ፣ ኤግሊንተን ባቡር ጣቢያ ዶናትና ሻይ ገዛሁ። አልነካችውም። በባስ ተመልሰን እነዘሃራ ቤት በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ቀጥቃጭ አገባች ይሉኛል፤ ይበሉ! ለማያውቅህ ሽማግሌ የነገርከውን እኔን ዓመት ሙሉ ደበቅከኝ?"

"ወላሂ ፈርቼ ነው።"

"እኔን ፈርተህ ነው ወይስ በአባትህ አፍረህ?"

"በአባቴ አፍሬ" አልኳት፤ እንባዬ መጣ። ሰው ይንቀኛል ብዬ ስሸሽ፣ አባቴን ከሁሉ ቀድሜ የናቅኩት እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዘሃራ በሩን ከፈተች።

"ግባ። አባቴ ቤት ናቸው፤ አሁኑኑ ንገራቸው።"