የዘጋሁት ስልክ ገነተ ማርያም ጮኸ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ባለቤቴ አሶሳ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አንድ ሰኞ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ልጅ ካላችሁ ይምጣ» አለኝ።

ያለችን አንዲት ልጅ ናት። ገነተ ማርያም በምትባል የወረዳ ከተማ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ ነበር። ክልሉ አንድ ይባል እንጂ ከዚያ አሶሳ ለመምጣት ዓባይን ተሻግሮ በወለጋ መዞር ነው፤ በክረምት ሁለት ቀን ይፈጃል።

እኔ በአንድ የክልል ቢሮ ስልክ ክፍል እሠራ ነበር። ክልላችን ገና እየተደራጀ ስለነበር በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ የገባልን በዚያው ዓመት ነው። ጥሪ ሰርቨር ከሚባለው አስተላላፊ ኮምፒውተር የሚወጣው ጌትዌይ በሚሉት በር ነው። ሁለት ነበሩን፤ አንዱ በምድር መስመር፣ ሌላው በሳተላይት። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው ባለሙያ ሲተክላቸው፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ አንዱ ቢሞት ሌላው ይነሣል» አለኝ።

«ቄሱ እንዳይሰሙህ!» አልኩት። ሳቅን።

ከሐኪሙ ዘንድ ቀጥታ ወደ ቢሮ ሄጄ ወደ ልጄ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ስልኩ ጭጭ አለብኝ። እንደ ልማዳችን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ያኔ ሁለቱም መስመሮች ጠፍተው ነበር፤ መደበኛውም ስልክ አብሮ ጠፋ። እስከ ዓርብ አልተመለሱም። ባገኘሁት አውቶቡስ ሹፌር ቃል ላክሁላት።

የላክሁት ቃል አልደረሳትም፤ የሆነውን በኋላ ልጄ ነገረችኝ። እኔ በዘጋሁባት ቅጽበት የመሥሪያ ቤታቸው ስልክ ጮኸ፤ ቁጥሩ የእኔ ነው። አነሣች። «እማዬ? እማዬ!» ዝም።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ሰው ሄዶ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ነው የሚያረዳው። አባት ታሞ እናት ደውላ ዝም ካለች መናገር አቅቷት ነው። ባልደረቦቿ ተያዩ፤ አንዲት ጉሙዝ የጽዳት ሠራተኛ ሮጣ ወገቧን ያዘቻት።

ልጄ አሁኑኑ ልነሣ አለች። ሐዘንተኛ ብቻውን መንገድ አይለቀቅምና ከለከሏት። «ቀብሩ ላይ አትደርሺ፤ ለማን ነው የምትሮጪው? እርምሽን አውጪ፣ አብረንሽ እንሄዳለን» አሏት። ድንኳን ጣሉላት፣ ንፍሮ ቀቀሉ፣ እንደ ወገን አለቀሱላት። ረቡዕ ንጋት ሦስት ሴቶች አጅበዋት ተነሡ። እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈል።

አባቷ ግን በሕይወት ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል።

«መጣች?»

«መንገድ ላይ ናት።»

ረቡዕ ቄሱ መጥተው አቆረቡት። ተመስገን። ሐሙስ ንጋት ላይ ዐረፈ፤ በዚያው ቀን ቀበርነው።

ከቀብር ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ ልጄ በጥቁር ልብስ በር ላይ ቆመች። ጫማዬ ላይ ያለውን እርጥብ አፈር አየች።

«እማዬ፣ መቼ ነው?»

«ዛሬ ንጋት።»

«ሰኞ አልነበረም?»

«ሰኞማ ተቀምጦ ሾርባ ጠጥቷል።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጠራኝ?» አለች።

«ጠራሽ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ባለሙያው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ሲዘጉት ‹ተሰርዟል› የሚለው መልእክት የሄደው ወደ ሞተው ጌትዌይ ነው። ሰርቨሩ ያኔ ጥሪውን ወደ ሁለተኛው እያሻገረ ነበር። ደዋዩ አሁንም አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ እርስዎ የዘጉትን ጥሪ ልጅዎ ጋ አደረሰው። እንዲጠይቅ ማድረግ ነበረብኝ።» አቀርቅሮ አለቀሰ።

«አንተ አልገደልከው። እንካ፣ ቅመስ» ብዬ ንፍሮ ዘገንኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ሦስቱ ሴቶች ከኋላችን ነበሩ። ዝናቡ የሸረሸረውን አፈር በእጄ መለስኩና፣ «መጣች» አልኩት። ከዚያ ሴቶቹን ቁርስ ላበላ ወደ ቤት ተመለስኩ።