የወለላ ንግሥት ዙፋን

ባለፈው ሳምንት የጂኦግራፊ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ድንች የመሰለ ክብ ሣሉና ዙሪያውን በሰማያዊ ጠመኔ አዥጎርጉረው፣ «ደሴት ማለት በአራቱም ማዕዘን በውኃ የተከበበ የብስ ነው» አሉን። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። «ምን አሳቀሽ?» ሲሉኝ «ምንም፣ ቲቸር» ብዬ አቀረቀርኩ፤ ጆሮዬ ግን እሳት ሆኖ ነበር። እኔ የምስቀውም የማፍረውም በአንድ ነገር ነው። የተከራየሁት ክፍል ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩትም እሱ ነገር አላስተኛ ስላለኝ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ገና ሁለተኛ ክፍል፣ እኔና የአክስቴ ልጅ አስናቁ የራሳችን ደሴት ነበረን። አገራችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ክረምት ሲገባ ለሁለት ይከፈልና አንዲት ጉብታን መሐል አድርጎ ያልፋል፤ በጋ ላይ ግን እግር ሳይረጥብ ይደረስባታል። ጉብታዋ ላይ አንድ የዶቅማ ዛፍ አለ። ሲያብብ ንብ ስለሚሰፍርበት ስሟን ወለላ አልናት። በስተሰሜን ደብረ ኩይሳ የሚባል ተራራ ነበራት፤ ምስጥ የሠራው ነው፣ ቁመቱ ከአስናቁ አይበልጥም። በስተምሥራቅ ከብት ውኃ የሚጠጣበት የጭቃ ባሕር ነበር። እስካሁን የእርጥብ ደንገልና የእበት ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ወለላ የደረስኩ ይመስለኛል።

እኔ የመልክዓ ምድሯ ኃላፊ ነበርኩ፤ ታሪኳን የምታወጣው አስናቁ ናት። እንደ አስናቁ ከሆነ ንግሥት ድርብወርቅ በቁራ ጀርባ ተቀምጣ ከባሕር ማዶ መጣች፤ ደሴቷን ይገዛ የነበረውን ንጉሥ ጓጉንቸርን በጦር ሳይሆን በሥርዓት አሸነፈችው። አንዱ ሥርዓቷ በንግሥቲቱ መንገድ ላይ በሁለት እግር መሄድ ክልክል ነው የሚል ነበር። መንገዱ ከወንዙ ዳር ካለው ከቀጋው ቁጥቋጦ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ማሳዎች ይዘልቃል። በአንድ እግር እየዘለሉ፣

*ወለላ ወለላ፣ ማር የሞላብሽ፣*
*ጓጉንቸር ታሰረ፣ እንኳን ደስ ያለሽ*

እያሉ ይሄዱበታል። መዝሙሩ ሲያልቅ እግርሽን ታሳርፊያለሽ። ያረፍሽበት ቦታ የጓጉንቸር እስር ቤት ነው።

እስር ቤቱ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ደግሞ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከዙፋኑ። በሚያዝያ ወር፣ ወንዙ ደርቆ ሳለ፣ ንግሥታችን መሬት ላይ መቀመጧ ከነከነን። በአያ ቢምረውና በእትዬ የሺ ማሳ መካከል አንድ አናቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቆሞ ነበር፤ ለዙፋን የተፈጠረ። ነቅንቀን፣ በዱላ ፈንቅለን፣ ሆዳችንን እስኪያመን እያቃሰትን አንከባልለን ወለላ አደረስነው። ለእኛ ድንጋይ ነው፤ የወሰን ምስክር መሆኑን ማን ነገረን? በቀረው ጉድጓድ ውስጥ ንጉሥ ጓጉንቸር ነው ብለን እንቁራሪት ይዘን አስገባን። ብዙ ሳይቆይ አያ ቢምረው ለበቆሎ ሲያርሱ ጉድጓዱ ተደፈነ። አስናቁም በታሪኳ ላይ «ጓጉንቸር በምድር መናወጥ አመለጠ» ብላ ጨመረችበት።

ኅዳር ላይ በቆሎው ተነሥቶ አገዳው ብቻ ሲቀር የመሬት ልኬት መጣ። ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባታችን አባ ጥላሁን፣ የመለኪያ መሣሪያ የያዘ አንድ ወጣት ለኪ፣ ከኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ። እኔና አስናቁ የአጥር ግንድ ላይ ተቀምጠን አገዳ እንመጥጣለን። ወሰኑ ጋ ሲደርሱ ድንጋዩ የለም።

እትዬ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው የማይሞት ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። «አንተ ቢምረው፣ ባሌ ቢሞት ድንጋዩም አብሮት ሞተ?»

«እኔ ድንጋይ አልበላሁ፣ እትዬ። ጥርሴን አያዩትም?» አሉ አያ ቢምረው፤ እውነትም ፊት ለፊት ጥርስ አልነበራቸውም።

«መሬት ለመብላት ጥርስ አያሻም።»

ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። በእኛ አገር ሌባ መባል ይሻላል፤ ወሰን ገፊ የተባለ ሰው ልጁን የሚያገባለት፣ ሬሳውን ደስ ብሎት የሚሸከምለት አያገኝም። አባ ጥላሁን መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ወሰን የሚያፈልስ ርጉም ነው ይላል መጽሐፉ። ቢምረው፣ ታውቃለህ። አንድ ትልም እንኳ እንዳላለፍክ ትምላለህ?»

አያ ቢምረው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሰ በራነታቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። «እምላለሁ» ብለው እጃቸውን ወደ መስቀሉ ዘረጉ።

አስናቁ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ» ማለቷ ነው። ዝም ልል ነበር፤ እጃቸው መስቀሉን ሊነካ ሲል አፌ ቀደመኝ። «ድንጋዩ ወለላ ነው ያለው።»

«ወለላ ማናት?» አሉ አባ።

«ደሴት ናት።»

ለኪው ልጅ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ከልቡ፣ «የየትኛው ቀበሌ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው አሁንም ፊቴን በትራስ መሸፈን ያምረኛል። ሽማግሌዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዙን ተሻገሩ፤ እኔ መሪ ሆኜ። ዶቅማው ሥር የወሰኑ ድንጋይ በአበባ ተከቦ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ደግሞ የንግሥት ድርብወርቅ ዘውድ። እናቴ ከሕዝቡ መሐል፣ ቀስ ብላ፣ «የአገልግሌ ክዳን» አለች።

«ድንጋዩስ ተገኘ። የቆመበትን ማን ያሳየናል?» አሉ አንዱ ሽማግሌ ወደ ማሳው ስንመለስ። ቦታው ታርሶ ተዘርቶበታል፤ በአገዳው መሐል ሁሉም አንድ ዓይነት አፈር ነው። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ግን የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በዓይኔ ብፈልግ ጠፋኝ። ቆሜ አለቀስኩ፣ ንፍጤን ጠረግሁ፣ ቀጋው ጋ ሄድኩ፣ አንድ እግሬን አነሣሁ። አባ ጥላሁን ከነመስቀላቸው፣ ለኪው ከነመሣሪያው እያዩኝ፣ እየዘለልኩ ዘመርኩ። አስናቁ ከአጥሩ ወርዳ ልታግዘኝ ስትችል እዚያው ተጎልታ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። መዝሙሩ ሲያልቅ እግሬን አሳረፍኩ። «እዚህ ነው። የጓጉንቸር እስር ቤት።»

ቆፈሩ። በእኛ ዘንድ ወሰን ሲተከል ከድንጋዩ ሥር የተሰበረ ገንቦ ገል ይቀበራል፤ ድንጋይ ቢሄድ ገል አይሄድም ይላሉ። ዶማው ገል ነካ። ቀና ብለው ሲያዩ የአያ ቢምረው እርሻ ገሉን አልፎ ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ አንድ ትልም። ድንጋይ ሲጠፋ በሬ በግምት ሄደ፣ ሰውየውም ሳያውቁ አለፉ።

አያ ቢምረው እትልሙ ላይ ቁጭ አሉ። «ልምል ነበር» አሉ። «በእመቤቴ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር።» እትዬ የሺ ግን «ተነሥ በል፣ በእንቁራሪት ንጉሥ አገር ያለ ሰው ምን ያድርግ» አሉ፤ ያኔ ነው ሰው የሳቀው።

የቆጡኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። አያ ቢምረው ግን ተነሥተው መጡና ግንባሬን ሳሙኝ። «ከውሸት መሐላ አወጣሽኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ነኝ እኮ ድንጋዩን የወሰድኩት። ለተሰደበ ስማቸው ምክንያቷ እኔ ሆኜ ምርቃቱን የተቀበልኩት እኔ። የምገባበት ጠፋኝ። ማታ እናቴ ዱላ ታነሣለች ብዬ ብጠብቅ «ሰውየው ነፍሳቸውን ሊያጡ ነበር። በይ ዘውድሽን እጠቢና መልሺልኝ» አለችኝ።

ዛሬ አስናቁ ቡሬ ሱቅ ትሠራለች፤ ስደውልላት «ንግሥቲቱን ሰላም በይልኝ» ትለኛለች። ወንዙን ከላይ ለሽንኩርት በሞተር ስለሚስቡት ወለላን መክበብ ትቷል፤ ክረምትም ቢሆን በጫማ ይደረስባታል። ድንጋዩ ከቦታው ተመልሷል። አልፌው ስሄድ መቀመጥ ያምረኛል፣ አልቀመጥም። አያ ቢምረው ከሩቅ ካዩኝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው «ንግሥት፣ ድንበርሽ ሰላም ነው?» ይሉኛል። እኔም ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ።

አንድ ነገር ግን ለመምህራችን አልነገርኳቸውም። ሰው ለስንዝር መሬት በሚካሰስበት አገር፣ አያ ቢምረው ከዚያ ቀን ወዲህ በየዓመቱ ሲያርሱ ከራሳቸው ወገን፣ ድንጋዩን ተከትለው፣ አንድ ትልም ሳይነኩ ይተዋሉ። ምነው ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ሣር በቅሎበታል። ከቤታችን በላይ ቆሜ ሳየው ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ በግራና በቀኝ በታረሰ አፈር የተከበበ ነው። ውኃ የለውም እንጂ፣ እኔ የማውቀው ደሴት እሱ ብቻ ነው የቀረው።